አንባቢው ካቋረጠ

ብስክሌቱ የመጋዝ ቤቱን ቁልቁለት ሲወርድ የኋላ ፍሬኑ እንቢ አለ። ፍርድ አስፈጻሚው ግን እግሩን መሬት ላይ አልጎተተም፤ ጫማውን ዛሬ ጠዋት ሚስቱ ራሷ ነበረች የወለወለችለት። ደረቱ ላይ ያንጠለጠለውን የቆዳ ቦርሳ በአንድ እጁ ጥብቅ አድርጎ፣ በሌላው መሪውን እያቃና፣ የድንጋዩን ድልድይ እየተንገጫገጨ አለፈና ማዶ ያለው ዳገት ራሱ እስኪያቆመው ጠበቀ። ከዚያ ወርዶ ይገፋ ጀመር። የኪስ ሰዓቱን አወጣና አየው፤ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ቦርሳው ውስጥ ያለው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። በጽሕፈት መኪና የተመታ አሥራ ሰባት መስመር፣ ከግርጌው የዳኛው ፊርማና ሐምራዊ ማኅተም። ወረቀቱን በሁለት ካርቶን መካከል ያስቀመጠው እንዳይጨማደድ ብሎ ነው። የተጨማደደ ትእዛዝ ሲያነብ የሚያፍረው ልብሱ የተቀደደ ያህል ነበር።

እስከ ዓምና ድረስ የከተማው ምክር ቤት ሊቀመንበር ከላይ ይሾም ነበር እንጂ አይመረጥም ነበር። አዲሱ የምርጫ ሕግ ወጣና ሰው ሁሉ ተሰልፎ ካርዱን በሳጥን ከተተ። ለዘጠኝ ዓመት ሲሾም የኖረው የእንጨት መሰንጠቂያው ጌታ፣ ባለመጋዙ፣ በአሥራ አንድ ድምፅ አሸነፈ ተባለ። ኋላ ግን የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ሳጥን ቁልፉ ጠፋ ተብሎ ጭራሽ እንዳልተከፈተ ታወቀ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ። ዳኛው ሁለቱን ወገኖች ፊት ለፊት አስቀምጦ ጓጉንቸሩን በመጋዝ አስቆረጠና ካርዱን አንድ በአንድ አስቆጠረ። ተፎካካሪው፣ የከተማዋ አዋላጅ፣ በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ በለጠች። ዓርብ ዕለት ያሸነፈችው እሷ ናት ተብሎ ተፈረደ።

ሰኞ የባለመጋዙ ጠበቃ ወደ ዋናው ከተማ ሄዶ ይግባኝ አለ። ከሰኞ ወዲህ በከተማው ውስጥ ከዚህች ቃል ሌላ የሚሰማ የለም። ፀጉር አስተካካዩ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ የወፍጮው ሰልፍ ላይ፣ «ይግባኝ ተብሏል» ይላል አንዱ፤ «እንግዲያው አለቀ፣ ፍርዱ ቆመ ማለት ነው» ይላል ሌላው። ባለመጋዙም ሊቀመንበር ሆኖ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ።

ዛሬ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ምክር ቤቱ ይሰበሰባል። የመጀመሪያው ጉዳይ የምንጩ ሜዳ ለቆዳ ፋብሪካ ይሰጥ የሚለው ነው። ሊቀመንበሩ ከፈረመ አጥሩ በማግስቱ ይቆማል፣ ቦዩ ይቆፈራል፣ የቆዳው እጣቢ ምንጩ ውስጥ ይገባል። ዳኛው ትናንት ከሰዓት በኋላ አስፈጻሚውን አስጠርቶ የነገረው ይህንኑ ነው።

«ይግባኙ ተገቢ ሊሆን ይችላል» አለው ዳኛው። «እኔም ልሳሳት እችላለሁ፤ በላይ ያሉት ይዩት። ከወንበር የተነሣ ሰው በይግባኝ ቢያሸንፍ ተመልሶ ይቀመጣል። የተበላሸ ምንጭ ግን ይግባኝ ሰሚ አይመልሰውም። ስለዚህ ነገ ከስድስት ሰዓት በፊት ይፈጸማል። ባለመጋዙ የሚስትህ ወንድም መሆኑን አውቃለሁ። ሌላ አስፈጻሚ የለኝም። ሁለቱንም ወገን ጠይቄአለሁ፣ አልተቃወሙም።»

ባለመጋዙማ አለመቃወም ብቻ ሳይሆን ስቆ ነበር። «ሹክሹክታ ነው የሚያነሣኝ?» ማለቱን አስፈጻሚው ሰምቷል። «ይምጣ። ምሳም እናበላዋለን።»

ሹክሹክታ ለአስፈጻሚው የወጣለት ስም ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ቃል ሲናገር የሌላ ሰው ንብረት የነካ ይመስለዋል። አንድ ጊዜ የቤት ማስለቀቂያ ትእዛዝ ሲያነብ ባለቤቱ ቆሞ እያዳመጠ አንቀላፋ እየተባለ ይሳቅበታል። ውሸት ነው፤ ሰውየው ተቀምጦ ነበር።

«ፖሊስ ልጨምርልህ?» አለ ዳኛው።

«ወረቀቱ ይበቃል።»

«ምን አልክ?»

«ወረቀቱ ይበቃል ክቡር ዳኛ።»

ማታውን ለሚስቱ አልነገራትም። ጠዋት ጫማውን ይዛ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ሲያገኛት ግን ሳይነግራት ማወቋን ተረዳ።

«ወንድም ጋሼን ልታስነሣው ነው» አለች፣ ብሩሹን ሳታቆም።

«የሚያስነሣው ፍርዱ ነው።»

«ፍርዱ እግር የለውም። የምትሄደው አንተ ነህ።» አንደኛውን ጫማ አስቀምጣ ሌላውን አነሣች። «አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ ነው። ይህን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ስታነብ እንዳትሳሳት። ወንድሟ በተሳሳተ ንባብ ተነሣ አይባልብኝ።» ጫማዎቹን አጋጥማ እግሩ ሥር አኖረቻቸው።

ምክር ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ዘበኛው አምሳ አለቃ ብድግ አለ። የድሮ ወታደር ነው፤ ካፖርቱን በሐሩርም አያወልቅም።

«ቁም» አለ። «ጋሼ ይግባኝ ብለዋል።»

«ሰምቻለሁ አምሳ አለቃ።»

«ከሰማህ ለምን መጣህ?»

አስፈጻሚው ብስክሌቱን ግንቡ ላይ አስደገፈ። «ይግባኝ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ይግባኝ ማለት... ይግባኝ ነዋ።»

«ይግባልኝ ማለት ነው። ነገሬ ከላይ ይግባልኝ፣ ይታይልኝ። ይቁምልኝ ማለት አይደለም። ለይቁምልኝ ሌላ ወረቀት አለ፤ እግድ ይባላል፤ የሚሰጡትም እነዚያው የበላዮቹ ናቸው። እግድ አለዎት?»

«እኔ ያለኝ ዱላ ነው።»

«እሱ አይቆጠርም።»

አምሳ አለቃ ዱላውን አየት አደረገ፤ ቅር ሳይለው አልቀረም። «እግዱ በስድስት ሰዓቱ አውቶቡስ ይመጣል ብሏል ጠበቃው። ማታ በስልክ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ።»

«እግዱ ከመጣ አንብቤው ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። እስኪመጣ ግን የያዝኩትን አነባለሁ።»

«ተው እንግዲህ፣ ግባ» አለ አምሳ አለቃ የብረቱን በር እየገፋ። «አንተም ይግባኝ ብለህ እንደገባህ ቁጠረው።»

አዳራሹ ረጅም ነው። አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን አሥራ አንዱ የምክር ቤት አባላት፣ ጥግ ላይ እጀታው የሚዞር ስልክ። በጠረጴዛው ራስ ጀርባው ከፍ ያለ ወንበር አለ፤ እንጨቱ ከባለመጋዙ ከራሱ መጋዝ የወጣ ነው። ባለመጋዙ በሙሉ ልብሱ ሰፍሮበት ተቀምጧል። ከጎኑ ጠበቃው፣ ትንሽዬ ፂሙን በጣቱ እየጠቀለለ። ከግድግዳው ሥር ባለው የሕዝብ አግዳሚ ላይ አዋላጇ አለች፤ ሌሊቱን ምጥ ከያዛት ሴት ጋር ነበረች፣ ቦርሳዋን እግሯ ሥር አስቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጋጥማለች። የቀረውን ቦታ ሰው ሞልቶታል፤ ቦታ ያጣው በመስኮት ይቃኛል። በሁለተኛው መስኮት ላይ ሚስቱን አያት። ቶሎ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ መለሰ።

የፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆሞ፣ ከርእሱ እስከ ማኅተሙ፣ በአንድ ንባብ ይነበባል። አንዴ ከተቋረጠ ዋጋ የለውም፤ ከርእሱ ይጀመራል። ይህን ሥርዓት ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ጠበቃው ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ያውቀዋል።

«የምርጫ ክርክር አፈጻጸም ትእዛዝ» ብሎ ጀመረ አስፈጻሚው። «በአመልካችና በተጠሪ መካከል በነበረው ክርክር...»

«ይቅርታ» አለ ጠበቃው ብድግ ብሎ፣ በጨዋ አነጋገር። «የመዝገቡ ቁጥር አልተሰማንም።»

አስፈጻሚው አቆመ። ቁጥሩን ነገረው። ከርእሱ ጀመረ። ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ ሽማግሌ አባል እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ «ልጄ፣ ቀኑን ነው ወይስ ወሩን ነው ያልከው?» አሉት። መለሰላቸው። ከርእሱ ጀመረ። ከዚያ ጠበቃው እንደገና ተነሣ። ከዚያ መስኮት ይከፈት አይከፈት የሚል ጭቅጭቅ ተነሣ። አምስተኛውን ሲጀምር ባለመጋዙ ራሱ ወንበሩ ላይ ደገፍ አለና ፈገግ አለ።

«አማቼ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው?»

ሰው ሳቀ። ታላቅ ሰው ሰላም ሲልህ ወረቀት እያየህ ዝም አትልም።

«ደህና ናቸው ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ትንሿ ጥርስ አወጣች?»

«ሁለት አውጥታለች።»

«ጎሽ። ቀጥል።»

ከርእሱ ጀመረ። ስድስተኛው መስመር ላይ ባለመጋዙ እህቱ እንዴት እንዳለች ጠየቀው፤ እህቱ አራት ክንድ ርቀት ላይ መስኮቱን ይዛ ቆማ ነበር። ሰው እንደገና ሳቀ። አስፈጻሚው ግን መስኮቱን ሲያይ ሚስቱ አልሳቀችም ነበር። ፊቷ ላይ ያየው ቁጣም አይደለም። የጠበበ ጫማ እግሩ ላይ እያለ ቀጥ ብሎ የሚራመድ ሰው ፊት ነበር።

ሰዓቱን አወጣ። አምስት ከአርባ። ስድስት ጊዜ ጀምሮ ስድስት ጊዜ ወድቋል። ከሩቅ፣ ከወንዙ ማዶ፣ የሚያስገመግም ሞተር የሰማ መሰለው፤ የመጋዙ ነበር።

ያን ጊዜ ነው የመማሪያ ደብተሩ ትዝ ያለው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሥራ ሲጀምር የሬጅስትራሩን መመሪያ በእጁ ገልብጦ ነበር፤ ፊደሎቹን ሲጽፍ የቀለሙ ሽታ ሳይቀር ያስታውሳል። ስለ ንባብ የሚለው አንድ መስመር ብቻ ነው። አንባቢው ንባቡን ካቋረጠ ከርእሱ ይጀምራል።

ካቋረጠ።

ከተቋረጠ አይልም። የሚያቋርጠው አንባቢው ነው፤ አንባቢው ካላቋረጠ ንባቡ አልተቋረጠም። ሌላው የፈለገውን ቢል፣ ቢያስል፣ ቢዘፍን፣ መመሪያው ስለ እሱ ምንም አላለም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በመካከሏ አንዲት «ተ» ጨምሮ ሲያነባት የኖረው እሱ ራሱ ነው፤ ሰው ሲናገር ዝም ማለት ያደገበት ነገር ስለሆነ መመሪያውም እንዲያ የሚል መስሎት። ከተማውም ከእሱ ተምሮ እንዲያ ያምናል።

ታላቅ ሰው እየተናገረ በላዩ ማንበብ ነውር ነው። ይህንንም ያውቃል። ወረቀቱን ከፍ አደረገው።

«የምርጫ ክርክር አፈጻጸም ትእዛዝ። በአመልካችና በተጠሪ መካከል በነበረው ክርክር ይህ ፍርድ ቤት ግራ ቀኙን ሰምቶ...»

«ይቅርታ» አለ ጠበቃው።

«...የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ሳጥን በሁለቱም ወገኖች ፊት ተከፍቶ እንዲቆጠር አድርጎ...»

«ይቅርታ እኮ እያልኩ ነው። ሥርዓት አለ። ንባቡ ተቋርጧል።»

«...አመልካች በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ ብልጫ መመረጣቸውን አረጋግጧል።»

አንባቢው አልቆመም። ሽማግሌው አባል የሆነ ነገር ጠየቁ፤ ጎናቸው የተቀመጠው ሰው ክንዳቸውን ያዝ አደረጋቸው። መስኮት ላይ ያለው ሕዝብ መንሾካሾኩን ተወ። አስፈጻሚው ድምፁ የት እንደነበረ ለራሱም ገረመው፤ ከጉሮሮው ሳይሆን ከታች፣ ከቀበቶው አካባቢ ይመጣ ነበር፣ እና ጥግ ያለው የስልኩ ደወል ይንቀጠቀጥለት ነበር።

«አማቼ» አለ ባለመጋዙ። ፈገግታው ገና ፊቱ ላይ ነበረ። «ቆይ እንጂ፣ እያናገርኩህ እኮ ነው።»

«...ተጠሪ ይግባኝ መጠየቃቸው ለዚህ ፍርድ ቤት የታወቀ ቢሆንም፣ ይግባኝ መጠየቅ ብቻውን የተፈረደውን ፍርድ የማያቆም በመሆኑ...»

«አንተን ነው።»

የአስፈጻሚው ጆሮ ጋለ፤ ዓይኑ ግን ከመስመሩ አልወጣም። «...በላይኛው ፍርድ ቤት የተሰጠ እግድ እስካልቀረበ ድረስ፣ አመልካች ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይግቡ፤ ተጠሪ ወንበሩን ለቀው ማኅተሙንና ቁልፉን ያስረክቡ። ይግባኙ ተሰምቶ ይህ ፍርድ ቢሻር፣ ወንበሩ በዚሁ ሥርዓት ለተጠሪ ይመለሳል። ይህ ትእዛዝ ዛሬ ሐሙስ ከስድስት ሰዓት በፊት ይፈጸም።» ቀኑን አነበበ። የዳኛውን ማዕረግ አነበበ። «የፍርድ ቤቱ ማኅተም አለበት» አለና ወረቀቱን ዝቅ አደረገ።

ባለመጋዙ ለረጅም ጊዜ አየው፤ ፈገግታው ጠፍቶ ነበር፣ በምትኩ የመጣው ግን ንዴት አልነበረም። አንድ ግንድ ይሰነጠቃል ወይስ አይሰነጠቅም ብሎ ሲመረምር የሚያየው ዓይነት አስተያየት ነበር።

«ጨረስከው?»

«ጨረስኩት ጋሼ።»

«እስከ ማኅተሙ?»

«እስከ ማኅተሙ።»

«አልሳትክም?»

«አልሳትኩም።»

«አይነሡ» አለ ጠበቃው ዝቅ ብሎ። «ደቂቃዎች ናቸው የቀሩት። ከፈለገ ፖሊስ ይጥራ። ፖሊስ እስኪመጣ...»

«ፖሊስ?» ባለመጋዙ ወደ ጠበቃው ዞረ። «እኔን በክንዴ ይዞ የሚያነሣ ፖሊስ ነው የምታስጠብቀኝ? በእህቴ ፊት?» ሁለት እጁን ወንበሩ መደገፊያ ላይ አስደግፎ ተነሣ። ከኪሱ በቆዳ ከረጢት ያለውን ማኅተም አወጣ፣ ቁልፉን ከሰንሰለቱ ፈታ፣ ወደ አዋላጇም ራሱ ሄደ።

«እጅሽ ንጹሕ ነው?» አላት።

«ሦስቱን ልጆችዎን የተቀበልኩበት እጅ ነው» አለች። ተቀበለችው። ወደ ጠረጴዛው ራስ ሄዳ ተቀመጠች፤ ወንበሩ ሰፋት፣ እሷ ግን ከፊቱ ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ትከሻዋን ስታስተካክል የሰፋት አይመስልም ነበር።

አስፈጻሚው የመረካከቢያውን ወረቀት አውጥቶ ብዕሩን ቀለም ሲያስነካ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ከድልድዩ በኩል ተሰማ። ጠበቃው ወንበር ገልብጦ ሮጠ።

ሲመለስ ላብ አጥምቆት ነበር፤ በእጁ ቀይ ሰም የታተመበት ፖስታ ይዟል። አስፈጻሚው ተቀበለውና ሰሙን ሰብሮ፣ ቆሞ፣ ያንኑ ያህል ጮክ ብሎ አነበበው። የላይኛው ፍርድ ቤት እግድ ሰጥቷል። ማኅተሙ ትክክል ነው። ቀኑ ትክክል ነው። አንድ ሐረግ ብቻ ነበረበት፤ «ይህ ትእዛዝ ከተማው በደረሰ ጊዜ ፍርዱ ያልተፈጸመ እንደሆነ።»

«አልተፈጸመም» አለ ጠበቃው። «አውቶቡሱ ጥሩምባ ሲነፋ ሊቀመንበሩ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። መረካከቢያው ላይ ሰዓት አልተጻፈም፣ ፊርማ የለም። አየህ፣ ባዶ ነው።»

ባዶ ነበር። አዳራሹ ተንጫጫ፤ ከኋላ ያለው ከፊቱ ከቆመው ሰው ጀርባ በቀር ያየው ነገር የለም፣ ያላየውም ሁሉ ይምል ጀመር፤ ግማሹ ተነሥቶ ነበር ይላል፣ ግማሹ አልተነሣም። አስፈጻሚው ብዕሩን እንደያዘ ቆመ። እሱ ያየውን ያውቃል። ግን የአማች ቃል ነው፤ ወደ የትም ቢያዘነብል በላይ ያሉት ያጣጥሉታል። ይህንንም ያውቃል።

«እኔ ምን አደከመኝ» አለ ጠበቃው፣ እጁን ወደ ባለመጋዙ እየዘረጋ። «ራሳቸው አሉ። ክቡርነትዎ፣ ጥሩምባው ሲነፋ የት ነበሩ? አንድ ቃል ይበሉና እንጨርሰው።»

ባለመጋዙ በሕዝቡ አግዳሚ አጠገብ ቆሟል። ያን ወንበር መልሶ ለመያዝ የሚፈለግበት በእርግጥም አንድ ቃል ነበር። እህቱን አላየም፣ አማቹንም አላየም፣ አዋላጇንም አላየም። የራሱን የኪስ ሰዓት አወጣና ከፈተ።

«በዚህ አዳራሽ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጫለሁ» አለ። «ሾሙኝ፣ ተቀመጥኩ። ወድጄ የተነሣሁት ዛሬ ብቻ ነው። አንተ ደግሞ አልተነሣህም ልትለኝ ነው?»

«ክቡርነትዎ...»

«ጥሩምባው ሲነፋ እዚህ ቆሜ ነበር። እሷ እዚያ ተቀምጣ ነበር። ማኅተሙ በእሷ እጅ ነበር።» ወደ አስፈጻሚው ዞረ። «ጻፍ። ርክክቡ ከጥሩምባው በፊት፣ ፊርማው አምስት ከሃምሳ አንድ።»

አስፈጻሚው ጻፈ። ሰዓቱን ካነጻጸረ በኋላ ነበር የጻፈው፤ የእሱም አምስት ከሃምሳ አንድ ይል ነበር። ባለመጋዙ መነጽሩን አድርጎ ሁሉንም መስመር አንብቦ፣ በትልቅ ፊደል ፈረመ። «ይግባኜን አልተውኩም» አለ ብዕሩን ሲመልስ፣ ለማንም ሳይሆን ለወረቀቱ።

«አይተዉት» አለች አዋላጇ። ከዚያ ሰዓቱ ደርሶ ስለነበር ጠረጴዛውን በእጇ ጀርባ መታ መታ አደረገች። «ስብሰባው ተጀምሯል። የመጀመሪያው ጉዳይ የምንጩ ሜዳ ነው። እኔ እዚህ የተቀመጥኩት ይግባኙ እስኪወሰን ነው፤ ከወር በኋላ እነሣ ይሆናል። ሊመለስ የማይችል ነገር አልፈርምም፤ አትፍቀዱም አልልም፣ አትከልክሉም አልልም። ሜዳው እንዳለ ይቆይ። የሚናገር አለ?»

አባላቱ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ለዘጠኝ ዓመት በዚያ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ተብለው ተጠይቀው አያውቁም፤ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ አልነበረም። ጠበቃው ፖስታውን አጥፎ ወጣ።

ባለመጋዙ ግን አልወጣም። አግዳሚው ላይ ሰው ተጠጋግቶ ቦታ ለቀቀለት፤ በሁለት ሸክላ ሠሪዎች መካከል ተቀመጠ። ኮቱን አስተካከለ። ጉሮሮውን ጠረገ። አስፈጻሚው ቦርሳውን እየዘጋ ሳለ፣ ፈቃድ ሳይጠይቅ ተናግሮ የኖረው ያ ሰው ቀኝ እጁን ቀስ ብሎ ወደ ላይ አነሣ፤ እንደዚያ እንዳነሣም ሳይናገር ጠበቀ፣ አዋላጇ አይታው፣ «ይናገሩ፣ እየሰማንዎት ነው» እስክትለው ድረስ።